ቆሎ ያልተፈተነበት ማጣበቂያ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚጓዝ ታክሲ ውስጥ ብሬስ ያሰረ ሰው ማየት ብርቅነቱ ቀርቷል። ብዙውን ጊዜ ተማሪ ናት። ሳቅ ሲመጣባት አፏን በእጇ ትከልላለች፤ ሳቁ ሲበረታ ግን እጇን ትረሳውና ብረቱ ብልጭ ይላል፤ በየብረቱ ላይ የታሰረችው ትንሽ ላስቲክም ቀለሟ ይታያል። ሐምራዊ የምትመርጥ አለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ደርድራ አፏ ውስጥ ባንዲራ የምትሰቅልም አለች። በእኛ ታክሲ ውስጥ የራስ ጉዳይ የሚባል ነገር ስለሌለ አጠገቧ የተቀመጡት እናት ዝም ብለው አይወርዱም። «እናቴ፣ ይሄ ነገር በምንድን ነው የተያዘው? ጥርስሽን በሱት እንዴ?»

የእኚህ እናት ጥያቄ ከሁሉም ጥያቄ ይሻላል። ሌላው ሰው ስለ ብሬስ ሲያነሣ መጀመሪያ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ዋጋውን ሰምቶ ከደነገጠ በኋላ የሚያም እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሚቆይ ይጠይቃል። ብረቱን ጥርስ ላይ ስለያዘው ነገር የሚጨነቅ የለም። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ብረት፣ ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ የተንጠለጠለው ከትንሽ ጣት ጥፍር ባነሰ ቦታ ላይ በተቀባ ማጣበቂያ ነው። ጥርሱ አልተበሳም፤ አልተሰፋም፤ ብረቱ ተለጥፎ ነው።

እኔ የማጣበቂያ ነገር የገባኝ በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ልጅቷ ብሬስ ካሰረች ወዲህ በየጊዜው አንዷ ብራኬት፣ ማለትም ጥርስ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ብረት፣ ከጥርሷ ትለቅና ሽቦው ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ትገኛለች። ብራኬት በወለቀች ቁጥር ቤተ ዘመዱ ለችሎት ይቀመጣል፤ ተከሳሹም ሁልጊዜ ማጣበቂያው ነው። የእህቴ ባል «ቻይና ነዋ!» ብሎ ይዘጋዋል። ለእሱ የማይሠራ ነገር ሁሉ ቻይና ነው። ታላቅ ወንድማችን በግንባታ ሥራ ጥርሱን የነቀለ ሰው ስለሆነ ነገሩን በሙያው ይመዝነዋል፤ «ሰስተው ነው፤ ሲሚንቶ ከቀነስክ ምን ይጠበቃል?» ይላል። አያቷ መጀመሪያ የሐኪሙ ሙያ ኦርቶዶንቲስት መባሉን የሰሙ ዕለት «ኦርቶዶክስ ከሆነማ አያታልላትም» ብለው ተጽናንተው ነበር፤ አሁን ብራኬቷ በወለቀች ቁጥር እሳቸውም እየተጠራጠሩ ነው።

ማጣበቂያው አፍ የለውም። ስለዚህ እኔ ጠበቃ ልቁምለት።

ልጅቷ ብሬሱን ያሰረች ዕለት እህቴን አጅቤ ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ ስለነበር የተደረገውን ሁሉ ከወንበሩ አጠገብ ሆኜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ከንፈርና ጉንጭ ገልጦ የሚይዝ ፕላስቲክ አፏ ውስጥ ከተቱ፤ ልጅቷ ሳትወድ በግድ እስከ መንጋጋዋ ሣቀች። ጥርሷ ተወለወለ፤ ታጠበ፤ በአየር ደረቀ። ከዚያ ሐኪሙ ከቀጭን ሲሪንጅ ሰማያዊ ነገር እያወጣ በእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ላይ ጠብ ያደርግ ጀመር።

«ምንድን ነው ዶክተር?» አለች እህቴ።

«አሲድ ነው።»

እህቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሐኪሙ ቀና ሳይል «አይዞሽ እህቴ፣ ለሠላሳ ሰከንድ ብቻ ነው» አላት። በልጅዋ አፍ ውስጥ አሲድ ለሠላሳ ሰከንድ ብቻ መቆየቱ እናትን አያጽናናም፤ ግን ነገሩ እውነት ነው። 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ነው፤ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቆይቶ በብዙ ውኃ ይታጠባል። በነገራችን ላይ ይኸው ፎስፎሪክ አሲድ በጣም በቀጠነ መልኩ ኮካ ውስጥም አለ። ኮካውን ግን ልጅዋ በየቀኑ ስትጠጣው እህቴ ተነሥታ አታውቅም።

አሲዱ ለምን አስፈለገ? የጥርሳችን የላይኛው ልባስ ኢናሜል ይባላል። በሰው ገላ ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር የለም፤ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ጥንካሬው ላይ ልስላሴው ተጨምሮ ምንም ነገር አይዝበትም። ወንድሜ ይህን ስነግረው ወዲያው ነው የገባው። ልሳኝ ልሙጥ ኮንክሪት ላይ ልስን አይመታም፤ ቢመታም ሲደርቅ በቁሙ ይረግፍበታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኮንክሪቱን በመሮ ወቅሮ ያሻክረዋል። አሲዱም ኢናሜሉን የሚወቅር መሮ ነው። በዓይን የማይታዩ እልፍ ጉድጓዶች ይከፍትበታል፤ ቀጥሎ የሚቀባው ቀጭን ፈሳሽ እዚያ ውስጥ ሠርጎ ይገባና ሲደርቅ ሥር ይሰዳል። አሲዱ ታጥቦ ጥርሱ ሲደርቅ አየሁት፤ ማብረቅረቁ ጠፍቶ የኖራ ነጭ ሆኗል። ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጥርሱ አሁንም የሚያብረቀርቅ ከሆነ አሲዱ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጠላት አንድ ነው፤ ምራቅ። ምራቅ የተወቀረውን ኢናሜል ከነካው ጉድጓዶቹ ይደፈናሉ፤ ማጣበቂያው የሚገባበት ያጣል። ስለዚህ ልጅቷ አፏን መግጠም፣ መዋጥ፣ ምላሷን ማንቀሳቀስና መናገር ተከለከለች። ከእኛ ቤት ለተወለደ ሰው ከአራቱ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ነርሷ በአንድ እጇ ምራቅ የሚመጥ ቱቦ ይዛለች፤ በሌላው ጥጥ ትቀይራለች። ይሄኔ እህቴ ከጀርባ «አመመሽ እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ «እእ» አለች። «እእ ማለት አዎ ነው አይደለም?» ሐኪሙ በትሕትና «እህቴ፣ ለአምስት ደቂቃ ባታናግሪያት» አላት። እህቴ አምስት ደቂቃ ዝም ስትል ያን ዕለት ነው ያየኋት።

መብራትም የሄደው በዚሁ ሰዓት ነው። መብራት መቼ መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ማጣበቂያውን የሚያደርቀው መብራት ባትሪ ስላለው አልጠፋም፤ አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰርና ምራቅ የሚመጠው ቱቦ ግን ቀጥ አሉ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ምራቅ ያሻውን አደረገ። ሐኪሙ የሁለት ጥርሶችን ነገር አይቶ ራሱን ነቀነቀና «እነዚህን እንደገና ነው የምሠራቸው» አለ። አጠበ፤ አሲዱን መልሶ ቀባ፤ እንደገና አደረቀ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። የሐኪም ሙያ በዲግሪው ብቻ አይለካም፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት «እንደገና» ማለት መቻሉም ይታያል።

ከዚያ ብራኬቶቹ መጡ። ብራኬት ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የብረት ቁራጭ ናት፤ ጀርባዋ ሲታይ የወንፊት ዓይን የመሰለ መረብ አለው። ማጣበቂያው ከዚህኛው ወገን መረቡን፣ ከዚያኛው ወገን የተወቀረውን ኢናሜል ይይዛል። ሐኪሙ መረቡ ላይ ማጣበቂያውን ቀብቶ ብራኬቷን በመቆንጠጫ ጥርሱ መካከል አሳረፋት፤ ለካ፤ አስተካከለ፤ ጫን ሲላት በጎን የተረፈውን ማጣበቂያ በሹል መርፌ ጠረገው። የተረፈው ካልተጠረገ ምግብ ይሰበስባል፤ ጥርሱም በብራኬቷ ዙሪያ ነጭ ነጥብ እያወጣ ይበላሻል። ቀጥሎ ሰማያዊው ብርሃን በራ። የሞገዱ ርዝመት 470 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ነርሷ ብርቱካናማ መከለያ ይዛለች፤ ሰማያዊውን ብርሃን ከዓይን ያስቀረዋል። እስካሁን ለስላሳ የነበረው ማጣበቂያ ብርሃኑ ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ ድንጋይ ሆነ። «ቻይና ነው» የሚለው ክስ በእኔ በኩል እዚህ ላይ ውድቅ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ዕድሜው ያን ያህል አይደለም። ድሮ ብሬስ ሲታሰር እያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያውን በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር፤ ሰውየው ሲሥቅ ጥርስ አይታይም፤ ብረት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም አንድ ነገር ሞከረ። ፋብሪካዎች ብረት ቀለም አልይዝ ሲላቸው ፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያስነኩት ያውቅ ነበርና ጥርስስ ቢነካ ብሎ አሰበ። እሱ የተጠቀመበት አሲድ 85 በመቶ ነበር፤ እህቴ እንኳን አልሰማች። ሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1965 ጆርጅ ኒውማን ብራኬትን በኢፖክሲ ጥርስ ላይ ስለመለጠፍ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ቀለበቱ ከፊት ጥርሶች እየለቀቀ ወደ መንጋጋ ተሰደደ። 

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ፤ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነውና። ብራኬት በጥርስ ላይ እንዲቆይ ምን ያህል ኃይል መቋቋም አለበት? እ.ኤ.አ. በ1975 ሬይኖልድስ የተባለ ተመራማሪ ያስቀመጠው ልክ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ60 እስከ 80 ኪሎ። ይህን ሲሰማ ወንድሜ «ታዲያ ይሄማ ኩንታል ሊደርስ ነው!» ብሎ ፎከረ። ግን የብራኬት ጀርባ ስፋት የአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንዲት ብራኬት የሚደርሳት ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ነው። ስድስት ኪሎ ሲባል ዩኒቨርሲቲና የአንበሳ ግቢ ብቻ ይታየን የነበርነው እኛ አሁን የልጃችን ጥርስ የሚይዘውን ክብደትም ማሰብ ይኖርብናል ማለት ነው። በሌላ በኩል ጤነኛ ጎልማሳ በመንጋጋው ጥርቅም አድርጎ ሲነክስ ኃይሉ ከ50 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ንጽጽሩን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ታዲያ ይህ ማጣበቂያ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት አልተፈተነም? ተፈትኗል፤ ያውም በብርቱ። ለሌላ ሕክምና ተብለው የተነቀሉ የሰው ጥርሶች፣ እነሱ ካልተገኙም የላም ጥርሶች ይሰበሰባሉ። የላም ኢናሜል ከሰው ጋር ስለሚቀራረብ ላቦራቶሪዎች በዓለም ዙሪያ ይጠቀሙበታል። ብራኬት ይለጠፍባቸዋል፤ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ያድራሉ፤ ከዚያ 5 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውኃና 55 ዲግሪ ሙቅ ውኃ መካከል በመቶዎችና በሺዎች ጊዜ ይመላለሳሉ። በመጨረሻ መፈተኛ ማሽን ላይ ይታሰሩና ስለታም ብረት ብራኬቷን ከጥርሱ እስኪያላቅቃት ይገፋታል። የሚገፋበት ፍጥነት ብዙ ጊዜ በደቂቃ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ነው።

በደቂቃ ግማሽ ሚሊ ሜትር! የእህቴን ባል ሲበላ ያየ ሰው ይህ ፈተና ለማን እንደተዘጋጀ ይጠይቃል። የላም ጥርሱስ ቢሆን? ላሟ በሕይወቷ ሣርና ገለባ ነው ያመነዠከችው። ቆሎ የሚባል ነገር አታውቅም። በዓለም ላይ ስንት ማጣበቂያ በስንት ማሽን ተፈትኗል፤ በእናቴ ቤት የቡና ሰዓት የተፈተነ ግን አላየሁም።

ስለ ቆሎ ዝም ብዬ አላልፍም። ገብሱ ቆሎ እንኳን ይሻላል፤ ከተፈተገና በደንብ ከታመሰ ይሰበራል። ሽምብራው ነው ፈተናው። ከሾላ ገበያ የመጣ፣ በብረት ምጣድ ላይ ታምሶ ቆዳው የተሰነጠቀ ሽምብራ ከላይኛው ጥርስና ከታችኛው ብራኬት መካከል ሲገባ ብራኬቷ የምትቋቋመው ስድስት ኪሎ የት ይደርሳል? ብራኬቶች ብዙ ጊዜ የሚወልቁት ከኋላ፣ የማኘኩ ሥራ ከሚከብድበት ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ፈንዲሻም የዋህ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያልፈነዳች አንዲት በቆሎ አድፍጣ ትጠብቃለች። ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የቡሄ ሙልሙል ከነቅርፊቱ፣ በዓል በመጣ ቁጥር አጥንት፤ ዝርዝሩ የባህላችን ዝርዝር ነው። ሐኪሙ የሰጣት የተከለከሉ ምግቦች ወረቀት ላይ ፖም፣ ካሮትና በረዶ ተጽፏል። በረዶ ማን ሊቆረጥም ነው? ወረቀቱ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ቆሎ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። የአገራችን የጥርስ ሐኪሞች የራሳቸውን ዝርዝር ጽፈው ቢሰጡን፣ ቆሎን ከላይ፣ ቆርኪ በጥርስ መክፈትን ቀጥሎ ቢያደርጉት መልካም ነበር። በጥርሱ ቢራ የሚከፍት ሰው ብሬስ ባያስርም ጥርሱ ያሳዝነኛል።

ምግቡ ብቻ ቢሆን እኮ ልጅቷ ራሷን በጠበቀች። የሚያስቸግረው ምግቡን የሚያቀርበው ሰው ነው። አያቷ ቤት ቡና ሲፈላ ቄጤማው ላይ የቆሎው ሰፌድ ይቀርባል። ልጅቷ «እማማ፣ እኔ ይቅርብኝ፣ ጥርሴን ነው» ትላለች። «ትንሽ ብቻ» ይላሉ። «ይወልቃል እማማ።» «ቆሎ ምን ያደርጋል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ እቆረጥመው የለ!» «እማማ ብሬስ እኮ…» «አፈር ስሆን!» ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም። አፈር ስሆን ተብሎ እንቢ የሚል ልጅ አልተወለደም። የመጀመሪያው ጭብጥ በአቦል፣ ሁለተኛው በቶና፣ ሦስተኛው በበረካ ይገባል፤ በየመካከሉም ቡናው ከነእሳቱ ፉት ይባላል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ አምቦ ውኃ ይከተላል። ላቦራቶሪው 5 እና 55 ዲግሪ እያለ የሚደክምበትን ሥራ እናቴ በአንድ ቡና ታጠናቅቀዋለች።

ሌላው ፈተና እንጦጦ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እሑድ ቤተሰብ ይዞ ወደ ተራራው መውጣት የተለመደ ሆኗል። ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል፤ ባህር ዛፉ መካከል ሲሄዱ ብርዱ ሆድ ይጠርጋል፤ ሯጮቹ ደግሞ እያለፏችሁ ሲሮጡ እያያችሁ ብቻ ትራባላችሁ። ክረምት ሲገባ በመንገዱ ዳር ከሰል ላይ በቆሎ ይጠበሳል። ሽታው ከታጠፈው መንገድ ወዲያ ሆኖ ይጠራል። ሐኪሙ በቆሎ መብላት ካለብሽ በእጅሽ እየፈለፈልሽ ብዪ ብሏታል፤ ችግሩ ጥንካሬው ብቻ ስላልሆነ ነው። በቆሎ በፊት ጥርስ ሲጋጥ ቆረቆንዳው ብራኬቷን ከሥሯ ይመነግላታል። ልጅቷ ታዛዥ ናት፤ ቆማ አንድ በአንድ ትፈለፍላለች። እሷ የመጀመሪያውን ረድፍ ሳትጨርስ እኛ ቆረቆንዳውን ጥለን ሁለተኛ አዝዘናል። ወንድሜ አዘነላትና «በይ አንድ ጊዜ ብቻ ግመጪ፣ ምን ይሆናል» አላት። ቁልቁል ስንወርድ ሽቦው ላይ አንዷ ብራኬት ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። ወንድሜ መስኮቱን እያየ «ሲሚንቶ ቀንሰው ነው» አለ።

በእርግጥ ሁልጊዜ ጥፋቱ የበላተኛው ነው ማለቴ አይደለም። ከጥርሱም የሚመጣ አለ። ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ ሐኪሙ አንዱን ወጣት «የት ነው ያደግከው?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ፤ መታወቂያ ሊጠይቀው መስሎኝ ነበር። ወጣቱ «ወንጂ» አለ። ሐኪሙም ለነርሷ አሲዱ እንዲቆይ ነገራት። ነገሩ ወዲህ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከወንጂ እስከ ዝዋይና ከዚያም ወዲያ የከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ እዚያ ከ10 በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። በልጅነት እሱን እየጠጡ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ይነጠብባል፤ ሲብስም ይበልዛል፤ የላይኛው ኢናሜልም አሲድ አልበግረው ይላል። አሲድ ያልወቀረው ደግሞ ማጣበቂያ አይዝም፤ ስለዚህ ወይ አሲዱ ይቆያል፣ ወይ ጥርሱ አስቀድሞ ይሻክራል። የእኛ የየካ ሰዎች ውኃ ከለገዳዲ ነው የሚመጣው፤ በወራጅ ውኃ የሚሞላ ግድብ ነውና በፍሎራይድ አይታማም። በሌላ ነገር ሊታማ ይችላል፤ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ የሚጠይቀኝ ካለ ማለቴ ነው።

የጎረቤታችንን ልጅ ነገርም ልናገር። ብራኬቱ ስትወልቅ ቀጠሮ መጠበቅ ሰለቸውና ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዝቶ በመስታወት ፊት ራሱ ለጠፋት። ተለጠፈች። ከጥርሱ ጋር፣ ከከንፈሩ ጋርና ከአመልካች ጣቱ ጋር። እናቱ እየሮጡ መጥተው «ልጄ ጣቱን ከአፉ አላወጣ አለ» ሲሉን ሕፃን ልጅ ያላቸው መስሎን ነበር፤ ልጁ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። ለመረጃ ያህል የሱፐር ግሉ ዘር የሆኑ ማጣበቂያዎች ለብራኬት ተሞክረው ያውቃሉ፤ የአፍ እርጥበት ውሎ አድሮ ያዳክማቸዋል። የቤቱ ሱፐር ግሉ ግን ለጫማና ለተሰበረ ሲኒ ጆሮ ነው፤ አፍ ውስጥ መግባት የለበትም። ብራኬት ከወለቀች ወደ ሐኪም ስልክ መደወል፣ ሽቦው ጉንጭ ከወጋ ለዚሁ የሚሰጠውን ሰም ጫፉ ላይ ማድረግ፤ መፍትሔው ይኸው ነው።

እንግዲህ በችሎቱ ላይ የተነሣው የመጨረሻ ክስ ይህ ነበር፤ «ለምን ጠንካራ አድርገው አይሠሩትም? ሰው ጨረቃ ላይ ደርሷል!» የእህቴ ባል ነው። መሥራቱንማ ይችሉበታል፤ ሠርተውም አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ብረት ማሳየት ለማይወዱ ሰዎች የጥርስ ቀለም ያለው የሴራሚክ ብራኬት ወጣ። የመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹ ከማጣበቂያው ጋር በኬሚካል ጭምር ይያዙ ስለነበር ንቅንቅ አይሉም። ደስ አለ። ከዚያ የሕክምናው ጊዜ አልቆ የሚነሡበት ቀን ደረሰ፤ ብራኬቱ ሲነቀል የኢናሜል ቅራፊ ይዞ መጣ። ኢናሜል ደግሞ አንዴ ከሄደ አይበቅልም። ስለዚህ ጥሩ ማጣበቂያ ማለት ሁለት ዓመት የሚይዝና ሐኪሙ በመቆንጠጫ ጨመቅ ሲያደርገው የሚለቅ ነው። ያውም ሲለቅ ከብራኬቱ በኩል ቢለቅና ቅሪቱ ጥርሱ ላይ ቢቀር ይመረጣል፤ ቅሪቱን ቀስ ብሎ በመሞረድ ማንሣት ይቻላልና። ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎው ድህነት አይደለም፤ ታስቦበት የተመጠነ ነው።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጣበቂያውን አከበረው። አክስታችን ግን በሌላ በኩል መጣች፤ «ታዲያ እግዜር የሰጣትን ፍንጭት ለመድፈን ነው ይሄ ሁሉ መከራ?» አለች። በእሷ ዘመን ፍንጭት ያላት ልጅ ተፈላጊ ነበረች። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ሐኪሙም ያለው አይመስለኝም።

ፍርዱ ይኸው ነው፤ ማጣበቂያው ነጻ ነው። ለእኔ ቢተው ሰፌዱን አስሬ አቆየው ነበር። ስለዚህ የምለምነው አስተናጋጆችን ነው። ብሬስ ያሰረች ልጅ ቤታችሁ ስትመጣ ቆሎውን ከፊቷ አንሡላት። ፖም ካላችሁ ቆራርጣችሁ ስጧት፤ ሥጋውን በቢላ አድቅቁላት፤ ፍርፍር ካለ ፍርፍር፣ ገንፎ ካለ ገንፎ አቅርቡላት። «አፈር ስሆን» ሳትሉ እንግዳ መሸኘት ካልሆነላችሁም፣ እባካችሁ በገንፎው በሉላት።